«መቼ» ያለ «የት»፦ የ2012ቱ ወረርሽኝ በዩኒቨርሲቲ የአፈጻጸም ትረካ

1. መግቢያ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ከምንገለገልባቸው ሙያዊ ቃላት መካከል «መቼት» አፈጣጠሩ በጣም ግልጽ ከሆኑት አንዱ ነው። «መቼ» እና «የት» የተባሉ ሁለት መጠይቅ ቃላት ተዋሕደው አንድ ስም ወጥቷቸዋል። ቃሉ በራሱ አንድ የሂስ ሕግ የያዘ ነው፤ ጊዜ ያለ ቦታ፣ ቦታም ያለ ጊዜ ለትረካ አይበቃም። አንድ ደራሲ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ዓመትና ወር ዘርዝሮ ነግሮን የተፈጸመበትን መንደር፣ ቤትና መንገድ ቢያስቀርብን ገጸ ባሕርያቱ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይሆኑብናል። ለምን እንደ ደከሙ፣ ለምን እንደ ዘገዩ፣ ለምንስ ዝም እንዳሉ ምክንያቱ አይገባንም።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ይህንኑ መሣሪያ ከልብ ወለድ አውጥቶ በሌላ ዓይነት ትረካ ላይ መሞከር ነው። ትረካው ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርትን ስላቋረጠበት ስለ 2012 ዓ.ም. እና ስለ ቀጣዩ ዓመት የሚተርኩት ነው። በሥራ ሪፖርት፣ በምረቃ ንግግር፣ በስብሰባ ገለጻ የምንሰማው ይህ ትረካ የራሱ መነሻ፣ የራሱ ግጭትና የራሱ መፍትሔ አለው። «ሪፖርት ሥነ ጽሑፍ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሪፖርት ፈጠራ አይደለም፤ ትረካ ግን ነው። ተራኪ አለው፤ ከብዙ ድርጊቶች መካከል ይመርጣል፤ የመረጠውን በቅደም ተከተል ያሰልፋል፤ ያልመረጠውን ይተዋል። በመሆኑም በትረካ መመዘኛ ሊመዘን ይገባዋል።

ጸሐፊው የሚያቀርበው ክርክር አጭር ነው። ይህ ትረካ «መቼ» አለው፤ «የት» የለውም። የተቋረጠውን ወርና የተካካሰውን መንፈቅ ይነግረናል፤ ተማሪው በእነዚያ ወራት የነበረበትን ቦታ ግን አያሳየንም። ዩኒቨርሲቲው ጸንቶ ከሆነ ደግሞ የጸናው በዚያ ባልተነገረው ቦታ ነው። ክርክሩን ለማስረዳት አዲስ አበባን ከበው ከሚገኙት ከተሞች ሦስቱን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን፣ እንደ ማሳያ እንወስዳለን። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተዋሕደው በሸገር ከተማ ሥር የተደራጁ ሲሆን፣ በወረርሽኙ ጊዜ ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ የኦሮሚያ ከተሞች ነበሩ። የቤት ኪራይ ከመሐል ከተማው ስለሚረክስባቸው የብዙ ተማሪና የብዙ መምህር መኖሪያ ናቸው። ለዩኒቨርሲቲው ከመቅረባቸው የተነሣ «ሩቅ አገር» ተብለው አይታሰቡም፤ ከግቢው አጥር ውጭ ስለሆኑም በትረካው ውስጥ አይገቡም። ለዚህ ጥናት የተመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

2. የትረካው «መቼ»

በመጀመሪያ ትረካው በሚገባ የሚያውቀውን እንይ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን በመጀመሪያ በየግቢያቸው እንዲቆዩ ነበር የታሰበው። አንድ ሳምንት ያህል እንዳለፈ ውሳኔው ተለውጦ ወደየቤተሰቦቻቸው ተሸኙ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢንተርኔት አማካይነት እንዲቀጥል ሲያደርግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግቢዎች እስኪከፈቱ እንዲጠብቁ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ለተመራቂዎች ቅድሚያ እየተሰጠ ተማሪዎች በየተራ ተጠሩ፤ የቀረው ትምህርት በተጣበበ የጊዜ ሰሌዳ ተሰጠ።

ትልሙ ሦስት እርከኖች እንዳሉት ልብ ይሏል፤ መቋረጥ፣ መጠበቅ፣ መካካስ። ሦስቱም የጊዜ ቃላት ናቸው። ግሦቹን ብንመረምር ደግሞ በአብዛኛው ተደራጊ ሆነው እናገኛቸዋለን። ትምህርቱ «ተቋረጠ»፣ ተማሪዎቹ «ተሸኙ»፣ መንፈቁ «ተካካሰ»፣ ዓመቱ «ተጠናቀቀ» ይባላል። ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ለመደበቅ ያመቻል። መንፈቁን ያካካሰው ማን ነው? ሌሊት ሳይተኛ ያነበበው ተማሪ ነው? አንዱን ትምህርት በቀን ሁለት ጊዜ ያስተማረው መምህር ነው? ወይስ ከትምህርቱ ላይ የተቆረጠው ምዕራፍ? ሰዋስዉ መልስ ሳይሰጠን ያልፋል።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ይህ ጥያቄ የከበደ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንድ መንፈቅ ሙሉ የሚያነብ ክፍልና በጥቂት ሳምንት የሚያነብ ክፍል በመዝገብ ላይ አንድ ናቸው። ሁለቱም ልብ ወለዱን «ተምረዋል»። በንባብ ግን አንድ አይደሉም። ረጅም ልብ ወለድ አንባቢውን የሚለውጠው በርዝመቱ ጭምር ነውና፤ አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ ጋር የሚኖርበትን ጊዜ ከቀነስነው የቀነስነው ከሥራው ራሱ ነው። ጊዜን ብቻ የሚተርከው ትረካ እንግዲህ ጊዜንም ቢሆን የሚቆጥረው በቀን መቁጠሪያ እንጂ በንባብ አይደለም።

3. «አፈጻጸም» እና «ጽናት»

የትረካው ዋና ዋና ቃላት ሁለት ናቸው። አንደኛው «አፈጻጸም» ነው። ቃሉ የተመሠረተበት ቅርጽ በአማርኛ የታወቀ ነው፤ «አካሄድ»፣ «አነጋገር»፣ «አቀማመጥ» እንደምንለው ሁሉ የድርጊቱን ሁኔታ የሚያመለክት ስም ነው። ስለ አንድ ሰው አካሄድ ስንጠየቅ የሄደበትን ርቀት በኪሎ ሜትር አንመልስም፤ ቀስ ብሎ ወይም ተጣድፎ፣ አጎንብሶ ወይም ቀና ብሎ መሄዱን እንናገራለን። «አፈጻጸም»ም በቅርጹ የሚጠይቀው «እንዴት ተፈጸመ?» ብሎ ነው። በሪፖርት ውስጥ የሚመለሰው ግን «ስንት ተፈጸመ?» ለሚል ጥያቄ ነው። ቃሉ ሁኔታን ይጠይቃል፤ ዘውጉ መጠንን ይመልሳል። ይህ ክፍተት ወረርሽኙ የፈጠረው አይደለም፤ ወረርሽኙ ግን አጉልቶ አሳይቶታል።

ሁለተኛው ቃል «ጽናት» ነው፤ አንዳንዶች «የመቋቋም አቅም» ይሉታል። «ጸና» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ሰው በሃይማኖቱ ወይም በቃሉ ሲጸና ይመሰገናል። ሕመም ሲጸናበት ግን ይለቀስለታል። በዚያው ዓመት የጤና መግለጫ በተሰጠ ቁጥር የምንሰማው «ጽኑ ሕሙማን» የሚለው ሐረግ የመጣው ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ «ዩኒቨርሲቲው ጸና» ብሎ የሚተርክ ሰው አጠገቡ «በማን ላይ ጸናበት?» የሚለውን ጥያቄ መስማት አለበት። ጽናቱ የተቋሙ፣ የጸናበት መከራ ደግሞ የተማሪው ሆኖ ከተገኘ፣ ትረካው የአንዱን ፊት ለሌላው ሸፍኖበታል ማለት ነው። ይህን ለመለየት ደግሞ ወደ ቦታው መሄድ ግድ ይላል።

4. የትረካው «የት»

ከግቢው እንነሣ። ተማሪዎች በወጡ ማግሥት በመዲናዋ የሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ከውጭ አገር ለሚመለሱ ወገኖች ለይቶ ማቆያ ሆነው አገልግለዋል። «ማደሪያ» የነበረው «ማቆያ» ተባለ። ተማሪው ትቶት የሄደው አልጋ ከስደት የተመለሰ እኅቱ ወይም ወንድሙ ቀን የሚቆጥርበት ሆነ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ባለታሪኩ ተለወጠ እንጂ። እነዚህ ሰዎች በትምህርት አፈጻጸም ትረካ ውስጥ ስፍራ አያገኙም። ምክንያቱም ትረካው ግቢውን የሚያውቀው ትምህርት ሲኖርበት ብቻ ነው።

ከግቢው ወጥተን የጅማን መንገድ ስንይዝ ሰበታ እንደርሳለን። ሰበታ በአገራችን የዓይነ ስውራን ትምህርት ታሪክ ታላቅ ስም ነው፤ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኘው በዚያ ነውና። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ለገቡና ሥነ ጽሑፍን ላጠኑ ሰዎች ንባብ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ በጣት የሚዳሰስ ብሬይልና በሌላ ሰው አንደበት የሚነበብ ጽሑፍ። የወረርሽኙ ዓመት መመሪያ ደግሞ «አትነካኩ፣ ተራራቁ» የሚል ነበር። ለዓይናማው ይህ ሰላምታን የሚያስቀር ነው፤ ለዓይነ ስውሩ ግን መሪውንና አንባቢውን የሚያሳጣ ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ወደ ኢንተርኔት ሲዛወርም መጻሕፍትና መጣጥፎች እየተነሡ በቴሌግራምና በኢሜይል ይላኩ ጀመር። በስካነር የተነሣ ገጽ ለዓይናማው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍን ወደ ድምፅ ለሚለውጥ መሣሪያ ግን ሥዕል ነው። ፊደሉን ለይቶ አያነበውም። በመዝገብ ላይ «ለተማሪዎች በሙሉ ተልኳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ በሰበታ ግን አልደረሰም ሊሆን ይችላል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ተማሪ ከየትኛውም ፋይል ይልቅ ቅርቡ ነበር፤ ልብ ወለዱን በድምፅ ያገኘዋል። ስለ ልብ ወለዱ የተጻፈውን ሂስ ግን አያገኘውም። ሥራውን እየሰማ ጥናቱን የተከለከለ ተማሪ እንዴት እንደሚመዘን በአፈጻጸም ትረካችን ውስጥ ቃል የለንም።

ይኸው ሰበታ ለወረርሽኙ ትግል የሰጠው አገልግሎትም አለ። በከተማዋ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል በዚያው ዓመት ቤተ ሙከራውን የሰዎችን የኮሮና ናሙና ለመመርመር አውሎት ነበር። አንድ ተቋም የተሠራበትን ሥራ ለጊዜው ለውጦ ለአካባቢው የደረሰበት ይህ ምሳሌ ጽናትን በቦታው ያሳያል፤ ማን፣ የት፣ በምን መሣሪያ፣ ምን እንደ ሠራ ይነገራልና።

በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ፣ ቡራዩ አለች። ለአዲስ አበባ ከመቅረቧ የተነሣ ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ መንገደኛ አያስተውለውም። በመጋቢት 2012 ማብቂያ ግን የኦሮሚያ ክልል ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረገውን የሕዝብ ማመላለሻ ሲያግድ ያ የማይታይ ድንበር ታየ። ማመላለሻዎች ሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜና ቦታም በግማሽ እንዲጭኑ ታዝዘው ስለነበር ታሪፉ እጥፍ ሆኖ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ለመጨረስ ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቶበታል፤ ቢከፈትለትም መድረሻው ጠፍቶበታል። በቀረው መንገድ፣ በኢንተርኔት፣ እንዳይቀጥል ደግሞ ሌላ ሐዘን መጣ። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በአዲስ አበባና በልዩ ልዩ የኦሮሚያ አካባቢዎች በተነሣው ሁከት የብዙ ሰው ሕይወት አለፈ። ኢንተርኔትም ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ለእነዚያ ሳምንታት «የኢንተርኔት ትምህርት» የሚለው ሐረግ ስሙ ብቻ ቀረ። ይህ ተማሪ ያጣው የመስመር ግንኙነትን ብቻ አይደለም። ከቤቱ ደጃፍ ሐዘን፣ ፍርሃትና የተኩስ ወሬ በሰማበት ሳምንት ስለ ትረካ አንጻር ምዕራፍ እንዲጽፍ ይጠበቅበት ነበር። ጊዜን ብቻ የሚያውቅ ትረካ ይህን ተማሪ «የዘገየ» ይለዋል። ቦታን የሚያውቅ ትረካ ግን ለምን እንደ ዘገየ ይጠይቃል።

እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ ስንወርድ የሱሉልታ ሜዳ ይቀበለናል። በሣርና በወተት የታወቀ አገር ነው፤ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ገበያ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ ሲነገሩ የሚሰሙበት ነው። ለትምህርት ክፍላችን እንዲህ ያለው አካባቢ የመስክ ጥናት ቦታ ነው። ቃል ግጥም ከአጋጣሚው ተለይቶ አይሰበሰብም፤ የለቅሶው ግጥም በለቅሶ ላይ፣ የሠርጉ በሠርግ ላይ፣ የሥራው በደቦ ላይ ይሰማል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል የቃል ሥነ ጽሑፍን አውድ ነው የከለከለው። በእነዚያ ወራት የሞተ ሰው አልጠፋም፤ አልቃሹ ግን ተበተነ። እንግዲህ ለመስክ የተነሣ አጥኚ አማራጩ ሁለት ነበር፤ መጠበቅ ወይም ርእሱን ለውጦ በጽሑፍ ወደ ታተመ ሥራ መሄድ። ርእስ መለወጥ በመዝገብ ላይ ጉዳት ሆኖ አይመዘገብም፤ እንዲያውም ተማሪው በጊዜው ስለሚመረቅ ስኬት ነው። ለዲሲፕሊኑ ግን ጉዳት ነው። ለቅሶው በተበተነበት ዓመት ሰው እንዴት እንዳለቀሰ፣ በስልክ ይሁን በአጥር ላይ፣ ጮክ ብሎ ይሁን በልቡ፣ የሚያስረዳን ጥናት የሚገኘው በዚያው ዓመት ብቻ ነበርና።

5. ሁለት የቀድሞ ትረካዎች

መቋረጥ ለትምህርት ታሪካችን እንግዳ አይደለም። ከአሁኑ ትረካ ጋር ለማነጻጸር ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. የዓለም ሁሉ መቅሠፍት የነበረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ድነዋል። የበሽታው ስም የወር ስም ነው፤ ስለዚህ የሕዝቡም ትውስታ በ«መቼ» ላይ የቆመ ይመስላል። ነገር ግን ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየደጃፉ ቆሻሻ የሚቃጠለውን ልማድ ብዙ ሰው የሚያያይዘው ከዚሁ መቅሠፍት ጋር ነው። ቀኑ ወደ ቦታ፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ፣ ተመልሷል። መዝገብ የሌለው ትረካ መቼቱን ሙሉ አድርጎ አንድ መቶ ዓመት አልፏል።

ሁለተኛው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ዘመቻ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል፤ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርትም ተቋርጧል። በዘመቻው ፖለቲካ ላይ ያለን ፍርድ ምንም ይሁን ምን፣ በትረካነቱ «የት» ነበረው። ዘማች የተባለ ሁሉ የዘመተበትን ጣቢያ ስም እስከ ዛሬ ይጠራል፤ ትዝታውም የሚጀምረው ከዚያ ስም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ተማሪ ግን የወጣበት ስም አልተሰጠውም። «ተሸኘ» ተባለ፤ የደረሰበትን የጠየቀው የለም። የ1967ቱ ተማሪ ከግቢ ሲወጣ ወደ ታሪክ ገባ፤ የ2012ቱ ተማሪ ከግቢ ሲወጣ ከታሪክ ወጣ።

6. ተቃውሞና ማጠቃለያ

በዚህ ክርክር ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሪፖርት የሚጻፈው ለበጀትና ለዕቅድ ነው፤ የእያንዳንዱን ተማሪ ቤት እንዲተርክ መጠየቅ ከዘውጉ በላይ መጠየቅ ነው ሊባል ይችላል። በተጨማሪም ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ዓመት የሠሩት ሥራ ቀላል አልነበረም። ሐኪሞቻቸው በሆስፒታል ሕሙማንን አክመዋል፤ ማደሪያዎቻቸው ወገን ተቀብለዋል፤ ተማሪዎች በተመለሱበት ወቅት ደግሞ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ ችግሩ በችግር ላይ ተደርቦ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርቱን ከፍጻሜ ማድረስ በእርግጥ ጽናት ነው። ጸሐፊው ይህን አይክድም።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው ነጥቡን አያፈርሰውም። ከሪፖርት ልብ ወለድ አልተጠየቀም፤ ሌላ ወረርሽኝ ወይም ሌላ መዘጋት ሲመጣ የሚጠቅም ዕውቀት ነው የተጠየቀው። የሚቀጥለው መዘጋት ሲመጣ ስንት ወር እንደተካካሰ ማወቃችን ለሰበታው ተማሪ ድምፅ የሚሆን ጽሑፍ አያዘጋጅለትም፤ ለቡራዩው ተማሪ ኢንተርኔት ሲጠፋ መጽሐፍ የሚያገኝበትን ቅርብ ቦታ አያሳየውም፤ ለሱሉልታው አጥኚ የመስክ ሥራውን ሳይተው የሚያዘገይበትን ሕግ አይሰጠውም። እነዚህን ሁሉ የሚሰጠው የ«የት» ትረካ ነው።

የ«የት» ትረካ ደግሞ ከአስተዳደር ቢሮ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ትረካን መሰብሰብና መመርመር የኛው ሙያ ነው። በዚያ ዓመት ተማሪ የነበሩት ዛሬ ተመርቀው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተበትነዋል፤ ትውስታቸውም በየዓመቱ እየሳሳ ነው። የትምህርት ክፍሎቻችን በቃል ሥነ ጽሑፍና በትረካ ጥናት ኮርሶች ውስጥ ለተማሪ አንድ የመስክ ሥራ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ከ2012 ተማሪዎች አንዱን አግኝቶ በዚያ ዓመት ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን የት እንደነበረ፣ ምን እንዳነበበ፣ በማን ስልክ እንዳነበበ፣ ማን እንዳነበበለት፣ ማንን እንደቀበረና እንዴት እንዳለቀሰ በድምፅ መቅዳትና መገልበጥ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ መጀመር ይቻላል፤ ለመስክ ጥናት ከዚህ የቀረበ መስክ የለም። የሚሰበሰበው ሁሉ በድምፅም በጽሑፍም ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ጽሑፉም የተነሣ ገጽ ሳይሆን መሣሪያ ሊያነበው የሚችል ፊደል ይሁን። የመርሐ ዕውራን ልጅ ስለ ራሱ የተጻፈውን ራሱ ማንበብ መቻል አለበትና።